ያሸነፉን እንግዶች

ታማንዳ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ በማላዊ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ በሚሰጣበት ሰፈር ነበር። ቁመቷ ዘለግ ያለ ስለሆነ የመንደሩ ልጃገረዶች የኔትቦል ቡድናቸው አምበል አድርገዋታል። ኔትቦል በእጅ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ኳስ ይዞ መሮጥ ክልክል ነው፤ ለጓደኛ ማቀበል፣ ከዚያም እንጨት ጫፍ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ማስገባት ነው። የእነታማንዳ ቀለበት ሽቦው የወለቀ የትንሽ ብስክሌት ቸርኬ ነበር። ኳሳቸውም ከፌስታል የተጠቀለለች ነበረች፤ ግን ትነጥራለች፣ አትናቋት።

አንድ ቅዳሜ ከኮረብታው ማዶ ያሉ ልጆች ሊገጥሟቸው በእግራቸው መጡ። በዚያ አገር እንግዳ ቡድን ሳይበላ አይሸኝም። እናቶች ንሲማ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ በደቃቅ ዓሣ ወጥ ያሰናዳሉ። የባለቤቶቹ አምበል ደግሞ፣ ብታሸንፍም ብትሸነፍም፣ ተንበርክካ የእንግዶቹን እጅ ታስታጥባለች። አለማስታጠብ «ሂዱልን» እንደማለት ነው።

ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል ትንሿ ሊኔስ ኳሷን ለታማንዳ አቀበለቻት። አሰጣጧ ጥሩ ነበር። ታማንዳ ወረወረች፤ ኳሷ የቀለበቱን ጠርዝ ነክታ ወደ ውጭ ወደቀች። እንግዶቹ ለቀም አድርገው ወሰዷትና በሌላው በኩል አገቡ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ።

ታማንዳ ወደ ሊኔስ ዞረች።

«ከፍ አድርገሽ ነው የሰጠሽኝ። ያስበላሽን አንቺ ነሽ።»

የሊኔስ ዓይኖች እንባ ሞሉ።

እንግዶቹ እያጨበጨቡ ዘፈኑ። ለታማንዳ እያንዳንዱ ጭብጨባ ጥፊ መሰላት። ልጆች፣ መሸነፍ ያማል፤ አያምም የሚላችሁ ሰው ተጫውቶ አያውቅም። ማልቀስም ነውር አይደለም። ታማንዳ ግን አላለቀሰችም፤ አኮረፈች። የውሃውን ጆግ እንድትይዝ እናቷ ሲጠሯት ሾልካ ከተገለበጠ ታንኳ ጀርባ ተደበቀች። ለእነሱ ተንበርክኬ? ሞቼ እገኛለሁ፣ አለች በልቧ።

የአኩራፊ ምሳው እራት ይሆናል ይባላል። የዚያን ቀን ግን ምሳ ያጡት እንግዶቹ ነበሩ። ንሲማው ፊታቸው ቀርቧል፣ አስታጣቢዋ የለችም። ጠበቁ። እናቶቹ ተጣሩ፣ ፈለጉ፣ አፈሩ። በመጨረሻ ሊኔስ ጆጉን አንሥታ ቀረበች። የእንግዶቹ አምበል ኤስናርት ግን እጇን አልዘረጋችም።

«አንቺን ጠልተን አይደለም እህቴ፤ አምበላችሁ ካልፈለገችን ግን ምግቡ አይወርድልንም» አለቻት በቀስታ።

ተነሥተው ሄዱ። መንገዳቸው በታንኳዋ አጠገብ ነበርና ታማንዳ ድምፃቸውን ሰማች። አንዲት ትንሽ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች እያለቀሰች ትናገራለች።

«እሽሽ፣ እንዳይሰሙን» አለቻትና ኤስናርት አዘለቻት።

ያን ጊዜ የታማንዳ ኩርፊያ ወደ እፍረት ተለወጠ። ምን አድርገውኝ ነው? በደንብ ተጫወቱ እንጂ ምን በደሉኝ? ብላ ራሷን ጠየቀች። ብድግ ብላ ወደ ሊኔስ ሮጠች።

«ሊኔስ፣ ኳሷን በደንብ ነበር የሰጠሽኝ። የሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ሊኔስ አፍንጫዋን ጠረገች። «የእጅ መታጠቢያውን ሳህን እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ ጆጉን ያዢ፣ ቶሎ በይ» አለች።

መንገዱ ሽቅብ በሚጀምርበት ቦታ ደረሱባቸው። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ታሪክ ታማንዳ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። መስማትማ ቀላል ነው! አሁን ግን አቧራው ላይ ተንበረከከች።

«ያሸነፋችሁን በደንብ ተጫውታችሁ ነው። እጃችሁን ስጡኝ» አለች።

ታማንዳ እምቢ ይሉኛል ብላ ፈራች። የታዘለችው ልጅ ግን ከኤስናርት ጀርባ ወርዳ ሁለት ትንንሽ እጆቿን ዘረጋች። ውሃው ወረደ። ቀጥሎ ሌሎቹ ታጠቡ፣ በመጨረሻም ኤስናርት። እሷም ታጥባ ስትጨርስ ጆጉን ከታማንዳ እጅ ወሰደች።

«ተነሺ፣ እኔም ላስታጥብሽ» አለቻት። እያፈሰሰችላትም ሳቅ አለች። «ያቺ የመጨረሻዋ ኳስ እኮ ቀለበቱን ስትነካ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር።»

ታማንዳ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ሊኔስም አቀፈቻት። ሁሉም ተያይዘው ተመለሱ። ንሲማው ቀዝቅዞ ነበር፤ ያም ሆኖ ትሪው ተጠረገ።

ልጆች፣ ስትሸነፉ ጥፋታችሁን በጓደኛችሁ አታላክኩ፤ ያሸነፋችሁንም አክብሩ።