ኬብል የሌለው ጎረቤት

ተረት ነው የምትሉ ከሆነ እዚሁ ላይ ተዉት። ይሄ የደረሰው በእኔ ላይ ነው፤ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች።

ጨለማ የለም። ዝናብ የለም። የሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ፣ የኔትወርክ ዕቃዎች የሚቀመጡበት ቀዝቃዛ ክፍል ነው። የምሠራው እዚያ ነው።

የምጽፈው ስለፈራሁ አይደለም። ስላፈርኩ ነው...

ሥራውን ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ቴክኒሻን ነበሩ። "ጋሼ ዜሮ" ነበር የምንላቸው።

መረጃን ወደየቦታው የሚመሩት ዕቃዎች፣ ራውተሮች፣ መንገድ የሚጠቋቆሙት በየአሥር ሴኮንዱ "ሄሎ" እየተባባሉ ነው። የመለሰው "ጎረቤት" ተብሎ ይመዘገባል። አርባ ሴኮንድ ዝም ካለ ሞቷል ተብሎ ይሰረዛል። በየትኞቹ ፖርቶች፣ ማለትም የኬብል መሰኪያዎች፣ ሄሎ እንደሚባል የሚወስነው ዋይልድካርድ ማስክ የሚባል አራት ቁጥር ነው። ዜሮ ማለት "ልክ ይሄንን ብቻ"። 255 ማለት "የፈለገው ይሁን"።

ጋሼ ዜሮ ሁልጊዜ አራት ዜሮ ነበር የሚጽፉት፤ ለእያንዳንዱ ፖርት፣ አንድ በአንድ።

"ጋሼ፣ በዚህ አያያዝ እኮ ሳይጨርሱ ጡረታ ይደርስብዎታል" እላቸው ነበር።

"አንቺ ችኩል፣ በሩን ሁሉ በርግደሽ ማን እንደሚገባ በምን ታውቂያለሽ?"

ከዚያ ማክሰኞ ሦስት ሳምንት በፊት ቸኮልኩ። አሥራ ስድስት መስመር ከምጽፍ ብዬ፣ 255 በበዛበት ሰፊ ማስክ በአንድ መስመር ተገላገልኩት።

ምድር ቤት፣ በተዘጋው አሮጌ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ማንም ያላጠፋው ራውተር ነበር። ሄሎ ሲባል መለሰ። የሆስፒታሉ መረጃ ወደዚያ ባዶ ክፍል መፍሰስ ጀመረ። ለአንድ ሰዓት ያህል የደም ምርመራ ውጤት ሐኪሞቹ ጋ አልደረሰም።

"ማነው የነካው?" አለ አለቃችን።

ያኔ ሁላችንም ራውተሩ ውስጥ የምንገባው በአንድ የጋራ መጠቀሚያ ስም ነበር። ተረኛው ጋሼ ዜሮ ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝ...

እኔ ጫማዬን አየሁ።

በዚያው ቀን ተባረሩ። ሹራባቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ፣ "ደህና ዋይ" አሉኝ፣ ወጡ።

የአሮጌውን ራውተር ኬብል ራሴ ነቀልኩት። ማስኩን ግን አልነካሁትም። ከዚያ ወዲህ የምንገባው በየስማችን ነው፤ ባስተካክለው ስሜ ይመዘገባል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ ዕለት የጎረቤቶቹን ዝርዝር ከፈትኩ።

አንድ ተጨምሯል።

መለያ ቁጥሩ አራት ዜሮ ነው። እንዲህ ያለ መለያ ራውተሩ ራሱ አይቀበልም።

የመጣበትን ፖርት አየሁ... ራሴ የነቀልኩት ነው። ሄጄ ጣቴን ከተትኩበት። ባዶ።

ስክሪኑ ላይ ግን ለመሰረዝ የቀሩትን ሴኮንዶች ይቆጥራል። 33... 32... 31... ተመልሶ 40። አንድ ነገር በየአሥር ሴኮንዱ ሄሎ እያለ ነው።

"ምን ያፈዝሻል?" አለቃዬ ከኋላዬ ቆሟል።

"ምንም..."

"ይሄ ምንድነው?" ጣቱን ዜሮዎቹ ላይ አሳረፈ።

መናገር እችል ነበር። እንዲያውም ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም።

"ጋሼ ዜሮ ጥለውት የሄዱት ጣጣ ነው" አልኩ።

31... 30... 29...

ወደ 40 አልተመለሰም።

ስልኬ ጠራ። የጋሼ ዜሮ ልጅ ናት።

"እህቴ፣ ይቅርታ... ሥራ ላይ ነሽ?" ታንሾካሹካለች። "አባዬ ከሥራ ከወጣ ጀምሮ አይናገርም። ተኝቶ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል። ኳ... አሥር ሴኮንድ ያህል ያርፋል፣ ኳ... አሁን ቆመ። በሩን ነው የሚያየው። ከሥራ ቦታ የሚጠብቀው ሰው አለ እንዴ?"

17... 16...

"ማነው?" አለ አለቃዬ።

ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው። እኔ ነኝ። ምላሴ ላይ ነበር።

9... 8...

"የተሳሳተ ቁጥር ነው" አልኩት። ስልኩን ሳልዘጋ።

3... 2... 1...

ልጅቷ ጮኸች።

ጎረቤቱ ከዝርዝሩ መሰረዝ ነበረበት። አልተሰረዘም። 00 ላይ ቆመ።

በጋሼ ዜሮ ቀብር ማግስት ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኩት። ከወረቀቱ ቀና ሳይል "አሁን ለማን ይጠቅማል? ተይው" አለኝ።

ተውኩት... ደግሜ።

ማስኩን በአራት ዜሮ፣ ፖርቶቹን አንድ በአንድ፣ በስሜ ጻፍኩት። ጎረቤቱ አልጠፋም። ራውተሩ በአዲስ ተቀየረ፤ አሮጌው መጋዘን ገባ። በአዲሱም ላይ አለ። አራት ዜሮ። ቀሪ ሴኮንድ 00። ኬብል የለውም።

እንግዲህ እዚህ ልጻፈው። ጋሼ ዜሮ አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቴም የዋሸሁት እኔ ነኝ። እስከዚህ የጻፍኩትን ለልጃቸው ልኬላታለሁ። አይታዋለች። አልመለሰችም።

አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስክሪኑ ፊቴ ነው።

ቁጥሩ ከ00 ተነሥቶ 40 ሆነ።

33... 32... 31...

ኳ።

ዞር አልኩ። ማንም የለም። ቁጥሩ ተመልሶ 40።

33... 32... 31...

ኳ።

ጠረጴዛውን አየሁት። የሚያንኳኳው የራሴ ጣት ነው።