ስሙ ያልተሞላ ሹመት

ሽመክት ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰው «ተጠባባቂ ኃላፊ» እንደተባለ ነው። አንድም የሹመት ደብዳቤ ሳይደርሰው ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሌሎችን የሹመት ደብዳቤ መሰብሰብ ያዘ፤ ሚኒስትሮች የፈረሙባቸውን፣ ጠቅላይ ገዥዎች ያተሙባቸውን፣ ባለቤቶቻቸው ሞተው ልጆቻቸው ለሱቅ መጠቅለያ የሸጧቸውን። አመሻሽ ላይ፣ ደሴ ካለው አሮጌ የድንጋይ ቤቱ የኋላ ክፍል ይገባና አቧራቸውን ያራግፋል። ሚስቱ አልጋነሽ ጓዳ ሆና ሽንኩርት እየከተፈች፣ ሌላው በተሾመ አንተን ምን አንጠራራህ እያለች ትቀልድበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል፤ ግን ያመዋል።

ሰሞኑን ያገኘው ደብዳቤ ከሁሉም ይለያል። አንድ የድሮ ጠቅላይ ገዥ የወህኒ ቤት አዛዥ ሊሾሙበት ፈርመውና አትመው ያስቀመጡት ነው። የወህኒ ቤቱን ስም ብል በልቶታል፤ የተሿሚው ስም ግን ከነጭራሹ አልተጻፈም። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ አለቃ ቀድሞ ይፈርማል፣ ስሙን ጸሐፊ በኋላ ይሞላል። ሽመክት ባዶዋን ቦታ አይቶ አይቶ አላስቻለውም፤ በቀለም ብዕር፣ በሚያምረው የእጅ ጽሕፈቱ፣ የራሱን ስም ሞላባት። ወረቀቱ የረጠበ ድንጋይ ሸተተው።

በማግስቱ ሲመሽ ያ ሽታ ክፍሉን ሞልቶ ጠበቀው፤ የረጠበ ድንጋይ፣ ያልታጠበ ጋቢ፣ ብዙ ሰው ታፍጎ ያደረበት አየር። ከግድግዳው ማዶ፣ ገደል እንጂ ቤት በሌለበት በኩል፣ እግሮች እየተጎተቱ ሲሰለፉ ሰማ። ቀጥሎ ወንዶች በየተራ ቁጥር ይጠሩ ጀመር፤ ወህኒ ቤት ሲመሽ እስረኛ የሚቆጠረው እንደዚያ ነው። ቆጠራው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አልጋነሽን ጠርቶ የሰማውን ነገራት። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቆየችና ምንም የለም አለችው። ስትመለስ ግን ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ርሶ ነበር። ሽመክት ፈራ፤ ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ሊከተው አነሳው። ስሙን አየ፣ ከስሙ በታች ያረፈውን ፊርማና ማኅተም አየ፣ እጁ እምቢ አለው።

በሚቀጥለው ምሽትም ቆጠራው እዚያው ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ የቁልፍ ቅጭልጭልታ እየቀረበ መጣና ግድግዳው ጋ ቆመ።

«ክቡር አዛዥ፣ ቆጠራው በአንድ ሰው ይጎድላል» አለ አንድ ትሑት ድምፅ። «ምን ይታዘዛል?»

በሕይወቱ ማንም ክቡር ብሎት አያውቅም። ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ ደረቱ ሞቅ አለው። አንድ ነገር ጎደለ ሲባል አለቆቹ ምን ይሉ እንደነበር ያውቃል፤ እሱም ሲታዘዝ የኖረው እንደዚያ ተብሎ ነው።

ጉሮሮውን ጠረገና «የጎደለው ይሟላ» አለ።

ቁልፎቹ ራቁ። ነገሩ በዚሁ በማለቁ ደስ ብሎት ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ የሚያር ሽንኩርት ሸተተው። አልጋነሽን ተጣራ። ጓዳ ሲገባ ቢላዋው መክተፊያው ላይ፣ ድስቱ እሳት ላይ፣ ነጠላዋ ወለሉ ላይ ነው። የውጭው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

ሮጦ ተመለሰና፣ ትእዛዙን ሽሬዋለሁ እያለ ግድግዳውን በሁለት እጁ ደበደበ። ማዶ እግሮች ተጎተቱ፣ ሰልፉ ተስተካከለ፣ ወንዶቹ በየተራ መጥራት ጀመሩ። ሽመክት ቆጠራው እንደ ሌላው ጊዜ ተንጠልጥሎ እንዲቀር እየለመነ ጆሮውን እርጥቡ ድንጋይ ላይ ለጠፈ። የመጨረሻውን ቁጥር፣ ከጓዳ ሆና ስትቀልድበት በኖረችበት በዚያው ድምፅዋ፣ የጠራችው አልጋነሽ ነበረች።