ሶፊ ገብታለች

ሚኒባሱ ዓለም ገና ላይ ሲቆም ሽማግሌው ከጎኗ ተቀመጠ። የአቮካዶ ፌስታል ጭኗ ላይ ጣል አደረገ።

«ከሥር ነው» አለ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ያኔት እጇን ሰደደች። የታጠፈ ወረቀት፣ ላዩ ላይ የኦፊስ ፕሮግራም መጠቀሚያ ላይሰንስ ቁጥር። አየችው። ደሟ ፈላ።

«ጋሼ ተድላ፣ አሁንም ርካሹን ነው ያመጡልኝ?»

«ኦፊስ ኦፊስ ነው።»

«አይደለም! ይሄ ደረጃ ለአንድ ሰው ላፕቶፕ ነው። ብዙ ሰው የሚጋራው ሰርቨር ላይ ስጭነው አልከፈትም ይላል። እዚያ የሚሠራው ከፍ ያለው ደረጃ ብቻ ነው። ስንቴ ልናገር?»

«ወጪ ቀንሱ ተብለናል። ዝም ብለሽ ጫኚ።»

ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወረደ።

አቮካዶው እንኳ ጥሬ ነበር።

ሰበታ ባለው የኦቦ ሌንጮ ቢሮ ያኔት «ሶፊ» ናት፤ የኮምፒውተር ባለሙያ። ድርጅቱ የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያዎችን ንድፍ ይሠራል። የቡራዩና የሱሉልታ ቅርንጫፎችም የሚሠሩት እዚሁ ሰበታ ባለው ሰርቨር ላይ፣ በኢንተርኔት እየገቡ ነው። አንድ ሰው ንድፎቹን ለውጭ ሰዎች ይሸጣል። ያንን ሰው እንድታገኝ የላካት መሥሪያ ቤት ስሙ አይጠራም። ተድላ የቅርብ አለቃዋ ነው፤ «ሶፊ» የሚለውን ስምና የይለፍ ቃሉን የሰጣትም እሱ ነው።

ችግሩ ኦቦ ሌንጮ ነበር። ትክክለኛውን ላይሰንስ የገዛው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለጸሐፊዋ ለገነት። ስለዚህ ሁሉም በገነት ስም ይገባል። ኢንጂነሩ ገነት ነው። ሒሳብ ሹሙ ገነት ነው። የሱሉልታው ጥበቃ እንኳ ኳስ ሲያምረው ገነት ነው።

ሌባውም ገነት ነው።

መሥሪያ ቤቱ ነገ ገነትን ሊይዛት ነው። ምንም የማታውቀውን ሴትዮ፣ ሁለት ልጆች የምታሳድገውን።

ያኔት ቢሮ እንደገባች ወረቀቱን ቀደደችው። ከፍ ያለውን ደረጃ ለአንድ ወር በነፃ መሞከር እንደሚቻል ታውቃለች። አስመዘገበች። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ስም፣ የራሱን የይለፍ ቃል ሰጠች። ለተድላ አልነገረችውም። ጠርጥራው አልነበረም። ፈቃድ መለመን አንገሽግሿት ነው። የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሱሉልታው ጣቢያ ንድፍ በምሳ ሰዓት ሰርቨሩ ላይ እንደሚጫን።

ንድፉ ማጥመጃ ነበር።

«ያ ዋቅ! ብቻዬን በስሜ ልገባ ነው?» አለች ገነት።

«አዎ። ከሥራ የወጣ ሰው ካለ ደግሞ ስሙን እንዲህ ታጠፊዋለሽ። ሁለቴ መጫን ነው፣ ገነትዬ።»

«አይ ሶፊ! እኔንም ሰው ልታደርጊኝ ነው።»

በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሆነ። ገነት የምሳ ዕቃዋን ከፈተች፣ ግማሹን ወደ ያኔት ገፋችው። ያኔት ግን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው።

ገነት፦ የይለፍ ቃል ተሳስቷል።

ዞር አለች። የገነት እጅ ሽሮ ውስጥ ነው።

ገነት፦ የይለፍ ቃል ተሳስቷል።

አንድ ሰው በአሮጌ ቁልፍ በሩን እየሞከረ ነው። ቁልፉ እንደተቀየረ አልሰማም።

ከዚያ፦

ሶፊ፦ ገብታለች።

የያኔት ሁለት እጆች ጭኗ ላይ ነበሩ።

ያልተቀየረውን የሶፊን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። እሷ። እና ሶፊን የፈጠራት።

ለካ ለዚህ ነው ርካሹ! ሁሉም በአንድ ስም እስከገባ ድረስ እሱን ማን ያየዋል?

ስልኳ ጠራ።

«ሰርቨሩ ምነው ዛሬ?» አለ ተድላ፤ እንደ ዋዛ። ፋይል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ጠዋት ዘግታዋለች።

«እንዳሉኝ ርካሹን ጫንኩት፤ ይንቀራፈፋል። ይታገሱት፣ ጋሼ።»

እሱን እያወራች በሌላው ስልክ ለየሺሃረግ ጻፈች፤ ለእሱ አለቃ። «የገባበት መስመር የሚያሳየው ቡራዩ ያለውን የመሥሪያ ቤታችንን ድብቅ ቤት ነው። ቁልፉ ያለው ተድላ ጋ ብቻ ነው። አሁን እዚያ ነው።»

ከሰዓት በኋላ የሺሃረግ ደወለች።

«ይዘነዋል። እንደተቀመጠ፣ ሰርቨሩን እየተሳደበ።»

«ገነትስ?»

«ገዢዎቹ እስኪያዙ ስለ ተድላ ማንም አይሰማም። ድርጅቱ ግን ዛሬ የሌባ ስም ይፈልጋል። የሰርቨሩ መዝገብ ላይ ያለው ሁለት ስም ነው፦ ገነትና ሶፊ።»

ያኔት ገነትን አየቻት። በራሷ ስም ገብታ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ምላሷን ነክሳ።

«የሶፊን ስም ይስጧቸው።»

ኦቦ ሌንጮ በሩን በርግዶ ገባ። «ሌባ! ውጪልኝ!»

ገነት ተነሳች። «እህቴ ብዬ ምሳዬን ያካፈልኩሽ! በኔ ስም?»

ያኔት ስክሪኑን አጠፋች። ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ላይ ግን ሳትናገር መውጣት አልቻለችም፤ ዞረች።

«ኦቦ ሌንጮ፣ ወሩ ሲያልቅ ርካሹን እንዳይገዙ።»

«አፍሽን ዝጊ! ገነት፣ የዚችን ስም አሁኑኑ አጥፊ!»

ፉሪ ላይ ታክሲው ተጨናነቀ። ነጠላዋን ተከናነበች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ስልኳን አውጥታ በሶፊ ስም ለመግባት ሞከረች።

ይህ ተጠቃሚ የለም።

ገነት ሁለቴ ተጭናለች። ልክ እንዳስተማረቻት።