ቃሬዛው የፈጀው ደቂቃ

መምህር ፍሥሐ የተገኘው በነሐሴ 2006 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በደብረ ማርቆስ በሚያስተምርበት ኮሌጅ ከሒሳብ ክፍሉ ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ኢንስፔክተር ዘሪቱ ጎንበስ ብላ ከደረቱ ሥር አንድ ወረቀት አወጣች። አየችውና ለማንም ሳታሳይ ኪሷ ከተተችው።

«አዳልጦት ይሆናላ!» አለ ዘበኛው።

«ያዳለጠው ሰው ሦስት የሸሚዝ ቁልፍ አይበጠስበትም።»

ሃያ ዓመት በፖሊስነት አገልግላ ሬሳ ማየት አልለመደችም። የሟች ጫማ ላይ የቆላ ጭቃ ደርቋል፤ ሠላሳ አምስት እንኳ አልሞላውም።

ነገሩ የጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው። ለሁለቱ መንደሮች፣ ለላይ አምባና ለታች አምባ፣ አንድ ብቻ ሊሠራ ታስቧል፤ የት እንደሚሆን ሰኞ ይጸድቃል። ፍሥሐ በሽተኛን በቃሬዛ ከመንደር መንደር ማድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለክቶ በሰንጠረዥ አሰፈረ፤ ረድፉ መነሻ፣ ዓምዱ መድረሻ። ባልደረባው መምህር አለበል ደግሞ ላቴክ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰንጠረዡን ወደ ሥዕል ለወጠው፤ መንደሩ ክብ፣ መንገዱ ቀስት፣ ደቂቃው ከቀስቱ ላይ። በዚሁ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጨብጥ ነው።

ሬሳውን ያገኙት ፍሥሐ ራሱ ለዚያ ጠዋት የቀጠራቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የላይ አምባው ቄስ ወልደ ሰንበትና የታች አምባው የቃሬዛ ማኅበር ሊቀመንበር እንዳላማው።

«አባ፣ ሥዕሉ ጤና ጣቢያው ከእርስዎ ደብር አጠገብ ይሁን ይላል። ፍሥሐ ሊለውጠው ነበር እንዴ?»

«እንጃ ልጄ» አሉ ቄሱ፤ ዓይኗን አላዩም።

እንዳላማው ግን ማልቀሱን አልደበቀም። «ትናንት ቃሬዛው ላይ በበሽተኛ ፋንታ ድንጋይ ጭኖ ዳገቱን አስወጣን። ድልድዩን ጎርፍ ስለወሰደው እንደገና ልለካ ብሎ ነው።»

«ስንት ፈጀባችሁ?»

«ሰዓቱን የያዘው እሱ። ምንም አላለን፤ እኛስ ትንፋሽ አጥሮን ማን ይጠይቃል! ሚስቴ ባለፈው ጥቅምት በምጥ ያለፈችው እዚያው ዳገት ላይ ነው።»

አለበል ቀትር ላይ ደረሰ። «ከትናንት ጀምሮ አማኑኤል ከተማ ለቅሶ ላይ ነበርሁ። ፍሥሐን ካየሁት ሳምንቴ» አለ።

ዘሪቱ የራሱን ሥዕል ፊቱ ዘረጋች። «ከታች አምባ ወደ ላይ አምባ ዳገቱ ሰባ ደቂቃ፣ ቁልቁለቱ መቶ ሰማንያ። በእናንተ አገር የሚወጣ ከሚወርድ ይፈጥናል?»

አለበል ሥዕሉ ላይ ጎንበስ አለ። «ረድፉንና ዓምዱን አቀያይሬው ይሆናል። የፕሮግራሙ ትእዛዝ ላይ ሁለት ፊደል መቀያየር ናት፤ ቀስቱ ሁሉ ይዞራል።»

«እንግዲያ ትክክለኛውን በእጅህ ሣልልኝ።»

ባዶ ወረቀት ሰጠችው። ቸኩሎ ሣለ። እሷም አመስግና ተቀበለችው።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፍሥሐ ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይህን ኮምፒውተር ከፈተ» አለች። «የተገለበጡትን ቀስቶች አቀና፤ የትናንቱን ልክ አስገባ፤ አንድ ገጽ አተመ። ገጹ ከሬሳው ሥር ነበር፤ ከእኔ በቀር ያየው የለም። ከትናንት ጀምሮ በስልክ ያነጋገረው ሰው እንደሌለም አረጋግጫለሁ።»

ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች።

«ሰንጠረዡ ዳገቱን መቶ ሰማንያ ይለው ነበር። ድልድዩ ሲሄድ መቶ ዘጠና አምስት ሆነ። ይህን ቁጥር አባ አያውቁትም። እንዳላማው ዳገቱን ወጣ እንጂ ሰዓት አልያዘም። አማኑኤል ለቅሶ የተቀመጠ ሰውማ ከየት ያመጣዋል?»

አለበል በእጁ የሣለውን ከጎኑ አኖረች። ከቀስቱ ላይ 195 ተጽፏል።

አለበል ሁለቱን ወረቀቶች ተራ በተራ አየ። «ማልጄ ተመልሼ ነበር» አለ። «ስሕተቱን ሰኞ እናገራለሁ አለኝ። እስክመረቅ ታገሠኝ ብዬ ለመንሁት። ‹እስከዚያ ስንት ሰው ይሙት?› አለኝ። ወረቀቱን ልነጥቀው ታገልን… ገፋሁት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። እንዳላማው ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«ሰኞ ማን ሊናገር ነው ታዲያ? የእኔን የገበሬውን ቃል ከሥዕል አስበልጦ የሚሰማ አለ?»

«እኔ እናገራለሁ» አሉ ቄስ ወልደ ሰንበት። «ሥዕሉ ለስብሰባ የቀረበ ዕለት ነበርሁ። ዳገቱ ሰባ ደቂቃ ሲባል ስሕተት መሆኑን አውቄዋለሁ፤ አርባ ዓመት የወጣሁት ዳገት ነው። ጤና ጣቢያው ለደብሬ ይድረስ ብዬ ዝም አልሁ።»

እንዳላማው ወደ ቄሱ ዞረ።

«ያን ዕለት እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከሚስቴ ተዝካር ተነሥተው ነው ወደ ስብሰባው የሄዱት፣ አባ።»

«ነው» አሉ ቄሱ።