ከኋላ የሚመጣ የለም

ቀያሹ የሞተው ራሱ በቀየሰው መንገድ ላይ ነው። መኪና የማይገባበት፣ ኮረብታውን እየዞረ የሚወጣና የሚወርድ፣ ጠጠር የለበሰ የብስክሌት መንገድ ነበር፤ ሃያ ዓመት ለፍቶበታል። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስተኛው ጠመዝማዛ ሥር፣ ገደል ውስጥ፣ ከነብስክሌቱ ተገኘ። የፊት ፍሬኑ ሽቦ ከማሰሪያው ወልቆ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሰዉን ያስደነገጠው ሞቱ ብቻ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት ሚስቱም እዚያው ጠመዝማዛ ላይ ከብስክሌቷ ወድቃ ሞታለች። በእርኩስ ቦታ የማያምን ሰው ሳይቀር ከቅዳሜ ወዲህ በዚያ ማለፍ አቆመ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አላልፍም ነበር።

መርማሪዋ ግን አለፈች፤ ያውም በእግሯ። ብስክሌት መንዳት አትችልም። ባልደረቦቿ በየእርምጃው ቆም እያለች ስለምታይ «ዝግታ» ይሏታል። እሷም የራሷ ጭንቀት ነበራት። ሐሙስ ዕለት ቀያሹ ቢሮዋ ደውሎ፣ «ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ፤ የሚስቴ ጉዳይ ነው፤ በስልክ የሚነገር አይደለም» ብሏት ነበር። «አሁኑኑ ይምጡ» ማለት ነበረባት፤ አላለችም። እሁድ ጠዋት መንገዱን ስትጀምር ይኸው ነገር ውስጧን ያንገበግባት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት መንገዱ ለሌላ ሰው ዝግ ነበር። አዲስ ጠጠር ስለፈሰሰበት ሊሞክሩት የወጡት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ቀያሹ፣ አንዲት ልጁ፣ ሰው ሁሉ «መፍቻ» እያለ የሚጠራው ብስክሌት ጠጋኝ እጮኛዋ፣ ጠጠሩን የሚያቀርበው የቀያሹ ታናሽ ወንድም፣ እና የሟች ሚስቱ ጓደኛ የነበረችው መምህርት። የቀሩት አራቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ በጎሪጥ ይተያያሉ።

ዝግታ ጠመዝማዛው ላይ ደርሳ ጫማዋ ውስጥ የገባውን ጠጠር አራገፈች። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ብልህ ስለነበር ቦታውን ማንም እንዳይረግጠው ከልሎታል። አዲስ ጠጠር የነካውን ሁሉ ይዞ ያስቀራል። የሁለት ብስክሌት ጎማ ዱካ ወደ ገደሉ ጫፍ ተጠግቶ፣ ጎን ለጎን ቆሟል። በእግር የተጎተተ ምልክት ግን የለም። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ ፈለገች፤ የለም።

ከዚያ ቁልቁል መቶ እርምጃ ያህል ወርዳ የከብት በር አገኘች፤ ላሞች ወደ መንገዱ እንዳይገቡ የተሠራ፣ በመወርወሪያ የሚዘጋ የብረት በር። በላዩ ሟቹ በራሱ እጅ የጻፈው ሰሌዳ አለ፦ «የመጨረሻው ይዝጋ»። የላሞቹን ባለቤት አስጠርታ ጠየቀችው። ሳምንቱን ሙሉ ከብቶቹን ከወንዙ ማዶ እንዳሰማራና ቅዳሜ በዚህ በኩል ዝር እንዳላለ ነገራት።

ልጅቷን ያገኘቻት አባቷ ቤት ነው። በጠራራ ፀሐይ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። አርብ ከሰዓት የአምስቱንም ብስክሌት ፍሬን ያጠበቀው መፍቻ ነበር፤ ሌላ ማንም አልነካውም። የዚያኑ ዕለት ደግሞ አባቷ ምክንያቱን ሳይናገር «ሰርጉ ትንሽ ይቆይ» ቢል፣ መፍቻ ተነስቶ ወጣ። ይህን ሁሉ የነገረቻት ልጅቷ ናት።

«ገደለው ብለሽ ታስቢያለሽ?» አለች መርማሪዋ።

«እንዳላስብ እየታገልኩ ነው። ግን ሲያየኝ እፈራለሁ። ላገባው የነበረውን ሰው በር ቆልፌበት በመስኮት ነው የማየው። አጎቴ እዚህ ሶፋው ላይ ባያድርልኝ ኖሮ አላብድም ትያለሽ?»

አባቷን እንዴት እንዳገኘችው በጥቂት በጥቂቱ አስወራቻት። ከበሩ በታች ያለው ድልድይ ጋ ሆነው ቢጠብቁት ቢጠብቁት ቀረ። እሷ ብስክሌቷን ጥላ ዳገቱን በሩጫ ተመለሰች፤ በሩ ጋ ስትደርስ እጇ እየተንቀጠቀጠ መወርወሪያው እንቢ አላት፤ እንደምንም ከፍታ ወጣች፤ ከዚያ ገደሉ ውስጥ የአባቷን ነጭ ቆብ አየች። መርማሪዋ ሁሉንም ጻፈች። አንዷን መስመር ግን ሁለት ጊዜ አሰመረችባት።

መፍቻ ሱቁ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ያሰረውን ሽቦ ሁሉ ተንጠልጥሎ እንደሚፈትነው፣ የቀያሹን ደግሞ ሁለት ጊዜ እንደፈተነው ነገራት።

«እስር ቤት አይደለም የሚያስፈራኝ» አለ መጨረሻ ላይ። «እሷ አውሬ እንዳየች ሆና ስታየኝ ነው።»

አጎትየው ደህና አድርጎ ተቀበላት፤ ወንበር አቀረበላት፣ ውሃ ቀዳላት። ድልድዩ ጋ ከሁሉም ኋላ የደረሰው እሱ ነበር። ወንድሙ ጠመዝማዛው ላይ የጫማ ክር ሊያስር ሲቆም አብሮት ቆሞ፣ «አንተ ሂድ፤ እደርስባችኋለሁ» ስላለው ጥሎት መሄዱን ተናገረ። ስለ መፍቻ ሲጠየቅ አዘነለት።

«ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሆን ብሎ አይመስለኝም። እጁ ስቶ ይሆናል። እንዲያው ስለ እኔ ብለው፣ ብዙ አይጨክኑበት።»

እንዲህ ያለ ደግነት ሲያጋጥማት ዝግታ አንገቷ ላይ ብርድ ይሰማታል።

ሰኞ ጠዋት አራቱንም መንገዱ መነሻ ላይ ባለው ማረፊያ ቤት ሰበሰበቻቸው። መፍቻ ከበሩ አጠገብ፣ ለብቻው ተቀመጠ። ልጅቷ ከአጎቷ ተለጥፋ ክንዱን ይዛለች። መምህርቷ መሐረቧን ትጠመዝዛለች። ውጪ አንድ ፖሊስ ሲያስል ሁሉም ክው አሉ።

«ከፍሬኑ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ቁልቁለት ላይ ፍሬን የከዳው ሰው ምን ያደርጋል?»

«እግሩን መሬት ላይ ይጎትታል» አለ መፍቻ ቀና ሳይል።

«ጠጠሩ ላይ እንደዚያ ያለ ምልክት የለም። ጎማው የቆመው ዝግ ብሎ ነው፤ ፍሬኑ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ሽቦውን የፈታው ሰው የፈታው ሟቹ ከወደቁ በኋላ ነው። ፍሬኑን ማን እንዳጠበቀ፣ ጥፋቱ በማን እንደሚሳበብ ያውቅ ነበር። ሽቦ የሚፈታ መሣሪያ ደግሞ የአራታችሁም ቦርሳ ውስጥ ተገኝቷል።»

ልጅቷ መፍቻን ቀና ብላ አየችው፤ ወዲያው ዓይኗን ሰበረች።

«አሁን ስለ በሩ ንገሩኝ» አለች መርማሪዋ። «በየተራ። መጀመሪያ የደረሰው ማነው?»

«እኔ» አለ መፍቻ። «ዝግ ነበር። ከፍቼ አለፍኩ።»

«እኔና ልጅቷ አብረን ነው ያለፍነው» አለች መምህርቷ። «ክፍት ነበር። እንደዚያው ተውነው። የኛ ወግ ነው፤ ከኋላህ ሰው ካለ አትዘጋም። ሁልጊዜ ከኋላ የሚመጣው ቀያሹ ነበር፤ የወደቀ እያነሳ፣ በር እየዘጋ።»

«እርስዎስ?»

«እኔም ክፍት አገኘሁት፣ ለወንድሜ ክፍት ተውኩለት» አለ አጎትየው።

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። ለራሷም ቢሆን መጠየቁ ከብዷት ነበር።

«አባትሽን ልትፈልጊ ስትመለሺ በሩ እንዴት ነበር?»

«መወርወሪያው እንቢ አለኝ» አለች ልጅቷ። «እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር...»

ሁሉም ሲገባት ፊቷ ላይ ታየ። የያዘችውን ክንድ ጣት በጣት እየፈታች ለቀቀች።

«ዝግ ነበር» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «አባትሽ ከበሩ በላይ ሞተዋል፤ በሩ ጋ አልደረሱም። ላም የሚያግድ ሰው አልመጣም። መንገደኛ አላለፈም። እናንተ ሦስታችሁ ድልድዩ ጋ ተያይታችኋል። የዘጋው ከናንተ በኋላ ያለፈው ሰው ነው።» ወደ አጎትየው አየች። «ወንድምዎ ሃያ ዓመት ሙሉ አስለምደውዎታል። ከኋላዬ ሰው አለ ብሎ የሚያምን ሰው ያንን በር አይዘጋም። እርስዎ በድንጋጤ ላይ ነበሩ፤ ጭንቅላትዎ ሌላ ሲያስብ እጅዎ የለመደውን ሠራ። የመጨረሻው ሰው እርስዎ መሆንዎን እጅዎ ያውቅ ነበር።»

«ረስቼ ይሆናል» አለ አጎትየው። ላብ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ ወረደ። «ሰው አይረሳም? ወንድሜን ለምን ብዬ እገድላለሁ?»

መርማሪዋ ከኪሷ መሐረብ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። በውስጡ የመኪና መብራት ስባሪ፣ ብርቱካናማ ፕላስቲክ ነበር።

«ከወንድምዎ የኋላ ኪስ የተገኘ ነው። ባለፈው ሳምንት አዲሱን ጠጠር ሊያስደፉ ጠመዝማዛውን ሲያስቆፍሩ ከሥሩ ያገኙት ይመስለኛል። መኪና በማይገባበት መንገድ ላይ የመኪና መብራት። መግቢያው ላይ ያለው የብረት ማገጃ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ እሳቸው ጋ፣ አንዱ ጠጠር ለሚያስገባው ሰው። ሐሙስ ዕለት ስለ ሚስታቸው ሊነግሩኝ ደወሉ። የልጃቸውንም ሰርግ ያቆዩት ይህ ሳይለይለት ደስታ አልዋጥ ብሏቸው ነው።»

አጎትየው ስባሪውን በጣቱ ነካው።

«ጭጋግ ነበር» አለ። «ያን ቀን ጠጠር ጭኜ ስገባ እጄን እንኳ አላይም ነበር። አላየኋትም። ቅዳሜ እዚያው ቦታ አስቆመኝና፣ ‹ሰኞ አብረን እንሂድ፤ ከኔ አፍ ሳይሆን ካንተ አፍ ይስሙት› አለኝ። አልሰደበኝም። ብቻ ያለቅስ ነበር። ፈራሁ። ስድስት ዓመት ፈርቼ ነው የኖርኩት፤ ገፋሁት።»

መምህርቷ መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ ገባ። ልጅቷ ግን በእጇ አስቆመችውና ወደ አጎቷ ቀረበች፤ በእናቷ ቀብር ደግፏት የቆመ፣ ሁለት ሌሊት ደጇን የጠበቀላት ሰው ነው።

«እናቴ ያኔ ሞታ ነበር?» አለችው። «ጥለሃት ስትሄድ።»

አጎትየው መሬት መሬት አየ።

«ስሜን ጠራችኝ» አለ።

ወስደውት ሲወጡ ማንም አላየውም። ልጅቷ ቤቱን አቋርጣ መፍቻ የተቀመጠበት ደረሰች። ይቅርታ ልትል አስባ ነበር።

«አሁንም እፈራለሁ» አለችው። «ያዘኝ።»

መፍቻ በቅባት የጠቆረ እጁን አየው፤ ሱሪው ላይ ጠረገውና ያዛት።