በመድኃኒቱ ላይ የተጣለ እርጥብ ጆንያ

ረዲያ ጭሮ ውስጥ፣ በአጎቷ በበድሪ ፎቅ ሥር ሞታ ስትገኝ ሬሳዋ ሳይነሳ ምክንያቱ ተነግሮ ነበር፤ አዳልጧት ከጣሪያ ወደቀች ተባለ። ድሃ ሲሞት ምክንያት ለመስጠት የሚሽቀዳደም አይጠፋም። ኢንስፔክተር ብሩኬ ግን ጣሪያው ላይ ወጥታ ከዙሪያው ግንብ ጋር ቁመቷን አስተያየች። ግንቡ ደረቷ ድረስ መጣ።

«በዚህ ላይ የሚያዳልጠው ወፍ ብቻ ነው» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ጣሪያው ላይ የመስታወት ቱቦዎች ተደርድረዋል። ረዲያ ከቦኬ ወረዳ በሚመጣ ቅጠል ጭማቂ የወባ መድኃኒት የምትሠራው በእነሱ ነበር። አሁን እርጥብ ጆንያ ተጥሎባቸዋል። ብሩኬ ገለጥ አድርጋ አየች፤ ፈሳሹ ፈዛዛ ሮዝ ነው። ከአንዱ መጋጠሚያም እየተንጠባጠበ የጆንያውን ጠርዝ አቅልሞታል። እንደነበረ መልሳ ሸፈነችው።

ረዲያ በወደቀችበት ቀትር የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ለየብቻ።

የመጀመሪያው ረዲያ የምትሠራበት፣ በፎቁ ውስጥ ያለው ቤተ ሙከራ ኃላፊ ዶክተር ህሩይ ነው፤ ሙያው ፋርማሲስት። የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ተቀበላት።

«ጣሪያው ላይ ወጥቼ አላውቅም። ለዚያ ሠራተኛ አለኝ» አለ። «ነገ የመድኃኒቱ ገዢዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ሥራዬን እንዳታስተጓጉዪብኝ።»

«ሥራዎ?»

«የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ረዳት ነበረች።»

ብሩኬ በሩን ከኋላዋ ገጭ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

በድሪ የጫት ነጋዴ ነው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ጆንያው የእኔ ነው፣ ወላሂ አልክድም። ደረጃው ሥር ተከምሯል፤ ጫቱ እንዳይጠወልግ እያራስን የምንሸፍንበት ነው። ግን እዚያ ላይ የጣልኩት እኔ አይደለሁም፣ አቦ! ድሮ አንዴ ፀሐይ ሊያቃጥልባት ነው ብዬ አዝኜ ሸፈንኩላት። ‹አጎቴ፣ ይሄ ጫት አይደለም! የቀኑን ሥራ ገደልክብኝ› ብላ ግቢውን በጩኸት ሞላችው። ከዚያ ወዲህ ጥላዬም አልነካውም።»

ሦስተኛዋ ገሊላ፣ የረዲያ የሥራ ባልደረባ ናት።

«ለምን ጮኸችበት?» አለቻት ብሩኬ።

«የሚሠራው ብርሃኑ ነዋ! ሮዙ ቀለም የፀሐዩን ጉልበት ተቀብሎ ለአየሩ ያቀብላል፤ አየሩ ከጭማቂው ጋር ሲዋሃድ መድኃኒት ይሆናል። ጥላ ካረፈበት ይቆማል። ቀለሙ ጠዋት እንደ ቀይ ሥር ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው እየነጣ ይሄዳል።»

«ዶክተሩ ይህን ያውቃል?»

«ስታስረዳው መቼ ሰምቷት! ስሙን መለጠፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። ነገ ለገዢዎቹ እውነቱን እናገራለሁ ብላው ነበር።»

ከቀብር መልስ የረዲያ እናት ጣሂራ ብሩኬን ክንዷን ያዘቻት። ሴትዮዋ የመጣችው ከሚኤሶ ነው፤ ባሏን ወባ የገደለባት ናት።

«አዳልጧት ነው ብላችሁ ከጻፋችሁ ኢንተላ ኮን፣ ልጄን፣ ሁለቴ ቀበራችኋት። ሥራዋንም ይወስዱታል።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ብሩኬ ጣሂራን ጨምሮ ሁሉንም ጣሪያው ላይ ሰበሰበቻቸው። ጆንያውን አነሳችና ጥግ ጣለችው። ፀሐዩ ቱቦዎቹ ላይ አረፈ።

«ዶክተር፣ ፈጣሪው እርስዎ ነዎት። ፀሐዩ በረታ፤ ገዢዎቹም ሊደርሱ ነው። መድኃኒቱ እንዳይበላሽ ምን እናድርግ?»

«ይሸፈናላ!» ህሩይ ጆንያውን ራሱ አንስቶ ወረወረበት። «መድኃኒት ከብርሃን መራቅ እንዳለበት ማንም ፋርማሲስት ያውቃል።»

«አንሳው!» በድሪ ዘልሎ ጆንያውን ነጠቀው። «አንተ ሰውዬ፣ ጥላ ይገድለዋል!»

ገሊላ አፏን በእጇ ያዘች።

«ተሠርቶ ሲያልቅ የሚሸፈን መድኃኒት አለ» አለች ብሩኬ ድምፅዋን እያከረረች። «ይሄ ግን ገና እየተሠራ ነበር። ቀለሙ ግማሽ ነጥቷል፤ ስለዚህ ረዲያ ጠዋት ለፀሐይ ከፍታዋለች። ቀትር ላይ የሸፈነው ሌላ ሰው ነው፤ እሷ በሕይወት እያለች ደግሞ ማንም ሊሸፍነው አይችልም። ገሊላ ሥራውን ታውቃለች። በድሪ ተሰድቦ ተምሯል። ለዛሬ ገበያ እንዳይበላሽ ብሎ የሚሸፍነው፣ መድኃኒቱን የሚፈልግ፣ አሠራሩን ግን የማያውቅ ሰው ነው።»

«ይሄ ግምት ነው!»

«ከትናንት ጀምሮ የጠቀለሉትን እጅጌዎን ይዘርጉት።»

ህሩይ አልተንቀሳቀሰም። ብሩኬ ራሷ ጎትታ ዘረጋችው። ጠርዙ ላይ ሮዝ ጠብታ ደርቋል።

«መጋጠሚያው ሲያንጠባጥብ የነካዎት ነው። ጣሪያው ላይ ወጥተው የማያውቁ ሰው! ስሟን ካላነሳህ እናገራለሁ አለችህ፤ ገፈተርካት። ወድቃ ሳለ ወርደህ እንደማንሳት፣ ጆንያ ፍለጋ ወረድክ!»

ቁጣዋ «እርስዎ»ውን አስረስቷት ነበር። መልሳም አላነሳችውም።

ካቴናው ሲጠልቅ ጣሂራ ወደ ህሩይ ተጠጋች።

«ልጄን ገደልክ። ልጇንም፣ ይሄን መድኃኒቷን፣ ልትነጥቃት ነበር?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወረዱ። ጣሂራ ወደ ቱቦዎቹ ሄዳ ጎንበስ አለች።

«ይሄ የሷ ነው?»

«የሷ ነው። በስሟ ይጻፋል» አለች ገሊላ እያለቀሰች።

ጣሂራ ጥላዋ ቱቦዎቹ ላይ ማረፉን አየች። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።