ዝም ያሉት ብርጭቆዎች

ሬሳው የተገኘው ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ኢንስፔክተር አምሳሉ አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው የባንድ ልምምድ ቤት ሲደርስ ግን አሥራ አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ ለማንም አይቸኩልም፤ ለሟች ደግሞ ጭራሽ። ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ቀርቶታል።

«ይህቺን አምስት ወር እንኳ ሰው ሳይገዳደል ቢከርም ምን ነበረበት!» እያለ ከጋሪው ወረደ።

ጊዜው 1995 ዓ.ም. ነው፤ መብራት በፈረቃ የሆነበት ዓመት። ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ስለነበር መስኮት የለውም። መብራት ጠፍቶ ነበርና ሳጅን ኑሪ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ በእጅ ባትሪ ያበራል። ከድራሙ አጠገብ በርናባስ በግንባሩ ተደፍቷል። ሐይቁ ዳር ባለው ሆቴል ባንድ ውስጥ ሃያ ዓመት ቤዝ ጊታር የተጫወተ ሰው ነው። ማጅራቱን የመታው የማይክ መቆሚያ ብረት እግሩ ሥር ወድቋል። ጊታሩ ግን ምንም ሳይሆን ቦታው ላይ ቆሟል።

ጥግ ላይ አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እጇን ደም ነክቶት ተቀምጣለች።

«ነገሩ አልቋል ጌታዬ» አለ ኑሪ። «ናዲያ ትባላለች፤ የነጋዴው የጠሀ ልጅ ናት። ከቤተሰቧ ተደብቃ ከሟቹ ቤዝ ትማር ነበር። የዚህ ቤት ጎረቤት አሮጊት ሰውዬው እስከ አሥር ሰዓት ሲጫወት ሰምታዋለች። በአምስት ደቂቃው ይህቺ ጮኸች። በመካከል ማን ገባ? ማንም!»

«አንተ ልጅ፣ ጫማህን ሳታስር ነው እንዴ የምትሮጠው?» አለ አምሳሉ፤ ወደ ልጅቷም ዞረ። «አንቺ ልጄ፣ ምን ሆነ?»

«አሥር ሰዓት ላይ ስገባ ጨለማ ነው። ጋሽ በርናባስ ብዬ ጠራሁ። እግሬ ነካው። ላነሳው ስል ነው እጄ...» እጇን ወደ ባትሪው ብርሃን ዘረጋች። «ወላሂ እኔ አይደለሁም! እሱን? እሱን እኔ?»

አምሳሉ እጇን ተመለከተ። የግራ ጣቶቿ ጫፍ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል፤ የጊታር ክር ሲበላው የከረመ ጣት ነው። ጉልበቱን ይዞ ወደ ጎረቤት ሄደ።

እትዬ ከበቡሽ የሰባ ዓመት አሮጊት ናቸው። ቤታቸውን ከልምምድ ቤቱ የምትለየው አንዲት ግድግዳ ብቻ ናት። በዚያችው ግድግዳ መደርደሪያ ላይ በቆርቆሮ ትሪ ስምንት ብርጭቆ ተደርድሯል።

«ተቀመጥ ልጄ፤ እግርህን አሞሃል» አሉት። «ምን ልንገርህ፣ ከምሳ በኋላ ጀመረ። እሱ ሲጀምር እነዚህ ብርጭቆዎቼ ይንቃጨላሉ። መጀመሪያ ተጣልቼዋለሁ፤ በኋላ ለመድኩት። ስምንት ተኩል ገደማ ዝም አለ። ሬዲዮኔ ዘጠኝ ሰዓት ሲል እንደገና ጀመረ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ሄደ፣ ሬዲዮኔም አፏን ዘጋች። ምን አባቴ ላድርግ? የሱን ዱም ዱም ስሰማ ዋልኩ።»

«ብቻውን ነበር?»

«እሱንስ እንጃ። ‹አይደለም፤ ተሳሳትሽ፤ እንደገና ከመጀመሪያው› ሲል ሰምቼዋለሁ። እንዲያ የሚለው ለዚያች ልጅ ብቻ ነው። ብቻውን ሲሆን ቃል አይወጣው።»

ተከትሎት የመጣው ኑሪ ከበሩ ላይ ፈገግ አለ። ልጅቷ አሥር ሰዓት ገባሁ ያለችው ውሸት ነው ማለት ነው፤ ከዘጠኝ ጀምሮ እዚያው ነበረች። አምሳሉም ከፋው፤ ለልጅቷ አዝኖላት ነበርና።

«ብርጭቆዎቹስ?» አለ፤ ነገሩ ተስፋ ከመቁረጥ የመጣ ይመስል ነበር።

«የኔ ብርጭቆዎች?» እትዬ ከበቡሽ አሰብ አደረጉ። «ስትለኝ ነው የታወቀኝ። ከዘጠኝ በኋላ ጨዋ ሆነው ዋሉ። ቀስ ብሎ ነው የተጫወተው መሰለኝ።»

የባንዱ ሰዎች ወሬውን ሰምተው ደጅ ተሰብስበው ነበር። አምሳሉ አንድ በአንድ አነጋገራቸው።

ዘፋኟ ሙሉጌጥ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተንጨብርሮ ነበር። «ፀጉር ቤት ነበርኩ፤ እዚሁ ማዶ፤ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ። መብራት የሚጠፋብን ሐሙስ ነው ብዬ አምኜ ሄጄ፣ ማድረቂያው ራሴ ላይ ቀጥ አለ። ይኸው እንዲህ ሆኜ ነው መርዶ የሰማሁት!» አለችና አለቀሰች።

ድራመሩ ሙሴ በትርፍ ጊዜው እንጨት ቤት ይሠራል። «ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እንጨት ቤት ነበርኩ። መብራት ሲሄድ መጋዙ ቆመ፤ ስድስት ሆነን ካርታ ስንጫወት ነው የተጠራሁት።»

ኪቦርድ ተጫዋቹ ካሳሁን የባንዱ መሪ ነው፤ አርባ አምስት ይሆነዋል። እጁን አጣጥፎ ጨዋ ሆኖ ቆመ። «ስምንት ተኩል ላይ ተሰናብቼው ወጣሁ። አምፕሊፋየሩን ከፍቶ እየተለማመደ ነው የተውኩት። በጋሪ መናኸሪያ ሄድኩ፤ ኪቦርዴን የሚጠግንልኝ ሰው አለ። እስከ አሥር ተኩል ከአጠገቡ አልተለየሁም፤ ሲሞክረው አብሬው ነበርኩ። ሄደው ይጠይቁት።»

«እጠይቀዋለሁ። መናኸሪያ በጋሪ ስንት ይፈጃል?»

«ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ፤ እዚያ ውስጥ ያለውን ቴፕ ልውሰድ? ለሥራ ስለምፈልገው ነው።»

«ዛሬ ከዚያ ቤት አቧራም አይወጣም» አለ አምሳሉ።

ማታውን ናዲያ ጣቢያ አደረች። አባቷ ጠሀ ከጣቢያው በር አልተነሳም፤ አልጮኸም፣ አልለመነም። «ልጄ ጊታር ትጫወታለች?» ብሎ አንዴ ጠየቀ፣ «አዎ» ሲባል ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ኑሪ የክሱን ወረቀት ጽፎ ጨርሷል። ሐሙስ ከሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ከቀረበች ደግሞ በእትዬ ከበቡሽ ቃል ብቻ ዕድሜዋን እስር ቤት ትጨርሳለች። አምሳሉ ይህን ያውቃል። ደክሞታል። መፈረም ቀላል ነበር፤ አምስት ወር ነው የቀረው። ግን የዚያች አሮጊት ብርጭቆዎች አላስተኛ አሉት።

ሐሙስ ጠዋት ናዲያን ወደ ልምምድ ቤቱ ወሰዳት። ፈረቃው ተዛብቶ ስለነበር መብራት አለ። ኑሪን እትዬ ከበቡሽ ቤት ብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀመጠው።

«ተጫወቺ» አላት።

«አሁን? እንዴት ብዬ?»

«ራስሽን ለማዳን ብለሽ።»

ሰካችው፤ አምፕሊፋየሩን ከፈተች፤ ጣቷ ቢያማትም መታችው። ወለሉ ነዘረ። ኑሪ ከማዶ «ብርጭቆው ሁሉ ይንቃጨላል!» ብሎ ጮኸ።

«ቀስ አድርጊው።» ቀነሰችው። አሁንም ተንቃጨለ።

አምሳሉ ተነስቶ ቆጣሪውን ዘግቶ መብራቱን አጠፋና «ቀጥይ» አላት።

ልጅቷ ግራ ገባት። «በምን ልቀጥል ጋሼ? ቤዝ ያለ መብራት ድዳ ነው። ክራር አይደል፣ ሆድ የለው፤ ደፍን እንጨት ነው።» ብትመታውም ድምፁ ክፍሉን እንኳ አላቋረጠም። ከማዶ ኑሪ «ለምን አቆመች?» ሲል ተሰማ።

አምሳሉ ቆጣሪውን መልሶ ከፍቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ወይ ጉድ!» አለ ለራሱ። ቀና ሲል ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ካለው ትልቅ ቴፕ ላይ አረፈ። ከፈተው። ካሴት አለበት፤ ጫፉ ድረስ ሄዷል። የቴፑን ጀርባ ፈታው። ስምንት አዳዲስ የባትሪ ድንጋይ ተደርድሯል።

«ይህ ካሴት የማን ነው?»

«የኔ» አለች ናዲያ። «ጋሽ በርናባስ ትምህርቱን ቀድቶልኝ ነው። ቤት መውሰድ ስለማልችል እዚሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ትናንት ግን አላወጣሁትም።»

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም በልምምድ ቤቱ ተሰበሰቡ፤ ሙሉጌጥ፣ ሙሴ፣ ካሳሁን፣ ናዲያ፣ እትዬ ከበቡሽም በዱላቸው። ጠሀ ከበሩ ላይ ቆመ። አምሳሉ ከድራሙ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል።

«መቆም አቅቶኝ ነውና ተቀምጬ ልናገር» አለ። «ትናንት ፈረቃው ሐሙስ ነው ተብሎ መብራቱ ረቡዕ ሄደ። ከዘጠኝ ሰዓት አሥር ደቂቃ እስከ ምሽት አልነበረም። ሙሉጌጥ፣ ማድረቂያሽ ቆመ። ሙሴ፣ መጋዝህ ቆመ። የእትዬ ከበቡሽም ሬዲዮ ዝም አለ። ቤዝ ጊታሩ ግን እስከ አሥር ሰዓት ተጫወተ። በምን?»

ሙሴ ቀድሞ ገባው። «ያለ መብራት? አይሆንም!»

«አይሆንም። የተሰማው ቴፕ ነው። ለዚህ ነው ብርጭቆዎቹ ዝም ያሉት፤ ቴፑ ጆሮ ይደርሳል፣ ግድግዳ ግን አያነቃንቅም። ‹ተሳሳትሽ› ያለውም ካሴቱ ላይ የተቀዳው ድምፁ ነው፤ በርናባስ ራሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞቶ ነበር። ካሴቱ የስልሳ ደቂቃ ነው፤ ቴፑም ራሱ ይገለብጠዋል። ዘጠኝ ላይ የጀመረ አሥር ላይ ያልቃል፤ ልክ ናዲያ ለትምህርቷ ስትመጣ።»

«እኔ ላይ...» አለች ናዲያ።

«አንቺ ላይ። ናዲያ ብትገድለው ኖሮ ድምፁ ሲያበቃ እዚያው ተገኝታ አትጮህም ነበር። ቴፑን የከፈተው ከዘጠኝ እስከ አሥር ሌላ ቦታ ሊታይ የፈለገ ሰው ነው። ሙሉጌጥ ከስምንት ጀምሮ፣ ሙሴ ከሰባት ጀምሮ ከሰው መካከል ናቸው፤ አረጋግጫለሁ። ካሳሁን፣ አንተ ስምንት ተኩል ላይ ወጣሁ አልከኝ። ጠጋኙ ግን ዘጠኝ ከሩብ ላይ ገባ አለኝ፤ እንደገባም ሰዓት ጠየቀኝ አለ። ሩብ ሰዓት የሚፈጅ መንገድ እንዴት አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀ?»

«ጋሪ አጥቼ ነው» አለ ካሳሁን። ድምፁ አልጠነከረም።

«ይሁን። እዚህ ሰፈር የነበረ ሰው ሁሉ መብራት መሄዱን አውቋል። መናኸሪያ ግን መብራት ነበር፤ ኪቦርድህ ሲሞከር ቆመሃል። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ሰው ቴፑ በጨለማ እየጮኸ መሆኑን ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ። ብታውቅ ኖሮ እየበረርክ መጥተህ ትዘጋው ነበር።»

«ቴፑ የሚሠራው በመብራት ነው!» ካሳሁን ሳያስበው አመለጠው። «መብራት ከሄደ ይቆማል እኮ!»

«እስከ ማክሰኞ ድረስ እንደዚያ ነበር። ጠሀ፣ ጠዋት የነገርከኝን ድገምላቸው፤ ማክሰኞ ሱቅህ ማን መጣ?»

ጠሀ ከበሩ ላይ ሆኖ መለሰ። «ሟቹ መጣ። ስምንት የባትሪ ድንጋይ ከኔ ገዛ። ለምንህ ነው ስለው፣ ‹መብራት ሲጠፋ የምትቸገር ተማሪ አለችኝ፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ ትምህርቷ እንዳይቋረጥባት ነው› አለኝ።» ወደ ናዲያ ዞረ። «እኔም እንዲህ ያለች ልጅ የወለደ የታደለ ነው አልኩት።»

ናዲያ ፊቷን ሸፈነች።

«ድንጋዩ ባይኖር ቴፑ ከመብራቱ ጋር ይቆም ነበር፤ እኛም እስከ ዛሬ እንታለል ነበር» አለ አምሳሉ። «ያጋለጠህ በርናባስ ራሱ ነው፣ ካሳሁን።»

ካሳሁን ኪቦርዱ ወደሚቆምበት ባዶ ቦታ ዞረ። «ከአዲስ አበባ የካሴት አሳታሚ መጥቶ ነበር» አለ። «‹ቤዙን ኪቦርዱ ላይ በግራ እጅህ ትጫወተዋለህ፤ አንተና ሙሉጌጥ ትበቁኛላችሁ› አለኝ። ዘፈኖቹ ግን የበርናባስ ናቸው። ለመንኩት። ‹ያለ ቤዝ አልሰጥም፤ ግራ እጅህ ገና ነው፣ ሂድና ከመጀመሪያው ተለማመድ› አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከመጀመሪያው! ሰው ፊት፣ መድረክ ላይ፣ ከመጀመሪያው! ብረቱ እጄ ላይ ነበር። ከመታሁት በኋላ ነው የፈራሁት።»

«እሺ፣ መምታቱ ንዴት ይሁን» አለ አምሳሉ። «ካሴቷን ከመሳቢያ ስታወጣስ? ያኔም ተናደህ ነበር?»

ካሳሁን ወደ በሩ ዞረ። ኑሪ እጁን ይዞ አወጣው። ሙሉጌጥ «በአንተ ግራ እጅ ታጅቤ የሟቹን ዘፈን ልዘፍን ኖሯል!» ብላ ከኋላው ጮኸች፤ ከዚያ ሙሴ ትከሻ ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

አምሳሉ የክሱን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት ቀደደው። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ ድካም ብቻ ተሰማው።

«ካሴቴን ትሰጡኛላችሁ?» አለች ናዲያ።

«ማስረጃ ነው ልጄ። ፍርዱ እስኪያልቅ ይቆያል።»

«እንግዲያው አንድ ጊዜ ልጫወት? የመጨረሻውን ትምህርት። እንዳልረሳው።»

አምሳሉ ጠሀን ተመለከተ። ጠሀ መሬት መሬት ያያል። ማንም እምቢ ስላላላት ጊታሩን አንስታ አምፕሊፋየሩን ከፈተች። ቀስ ብላ ጀመረች፤ አራት ጊዜ ዞረች፣ አምስተኛው ላይ ጣቷ ሳተና አቆመች። ዓይኗን ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። እንደገና ሳተች። እንደገና ከመጀመሪያው።

«ለምንድን ነው የምታቋርጠው?» አለ ጠሀ ወደ አምሳሉ ጠጋ ብሎ።

«ስትሳሳት እንዲህ እንድታደርግ ነው ያስተማራት።»

«ታዲያ መቼ ያልቃል?»

«እኔ እንጃ» አለ አምሳሉ። «ጊዜ ይወስዳል መሰለኝ።»

ጠሀ ጫማውን አውልቆ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሊጠብቃት። ከግድግዳው ማዶ፣ ሰው በሌለበት ቤት፣ የእትዬ ከበቡሽ ብርጭቆዎች ይንቃጨሉ ነበር።